አምስት ደረጃና አንድ ጣራ

ቀናተኛ ነኝ። ይህን ስል ሚስቱ ከጎረቤት ጋር ስታወራ ደሙ የሚፈላ ዓይነት ቀናተኛ እንዳልመስላችሁ። እሱስ ቢያንስ ዘፈን ይወጣለታል። የእኔ የመሥሪያ ቤት ቅናት ነው። የባልደረባዬ ማኅተም ከእኔ ማኅተም ደምቆ ከታተመ ምሳ አይበላልኝም። ሥራ አስኪያጁ ለሌላው ሰው "ጎሽ" ብሎ ለእኔ "እሺ" ካለኝ፣ በ"ጎሽ" እና በ"እሺ" መካከል ያለውን ርቀት ስለካ ነው የምውለው። የነፍስ አባቴ ኃጢአቴን ከመልመዳቸው የተነሣ ገና "አባ፣ ቀናሁ" ስላቸው "አሁን ደግሞ በማን?" ይሉኛል። እሳቸው ዘንድ የሚለወጠው የሰውየው ስም ብቻ ነው።

በሥልጠና ሙያዬ ግን ለብዙ ዓመት የሚቀናብኝ እንጂ የምቀናበት ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። ደብረ ማርቆስ በሚገኝ፣ የገበሬ እህል እየተረከበ መጋዘን አስገብቶ ገበያ በሚያፈላልግ አንድ ማኅበር ውስጥ የሥልጠና ባለሙያ ነኝ። "አንድ ማኅበር" የምለው ስሙን ረስቼው ሳይሆን ጡረታዬ ገና ስላልወጣ ነው። ሥራዬ በየወረዳው ያሉትን የመጋዘን ሠራተኞች ማሠልጠን ነው። ለዚህም አንድ ፍሊፕ ቻርት፣ ገጽ በገጽ የሚገለበጥ ትልቅ የማስተማሪያ ወረቀት፣ ነበረኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እሷን ተሸክሜ ከቁይ ደምበጫ፣ ከደምበጫ ይጁቤ ተመላልሻለሁ። ርእሷ "እህልን ከእርጥበት፣ ከነቀዝና ከአይጥ መጠበቅ" ይላል። ስለ መዝገብ አያያዝ አሠልጥን ብባል የምዘረጋው እሷን ነው። ስለ ሥራ ሥነ ምግባር አሠልጥን ብባልም እሷኑ ነው፤ የአይጧን ሥዕል አሳይቼ "ሌባም እንዲሁ ነው" እላለሁ። ሠልጣኞቼ ይስቃሉ፣ ያጨበጭባሉ፣ ምሳቸውን በልተው ይሄዳሉ። እኔም ተደስቼ በቅጥቅጥ አውቶብስ እመለሳለሁ። ሥልጠናው ምን ለወጠ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እኔም ራሴን በእንዲህ ያለ ጥያቄ አስቸግሬው አላውቅም።

እንዲህ ተደላድዬ ሳለሁ ትርንጎ ተነሣችብኝ። ትርንጎ የይጁቤ ልጅ ናት። እዚያው ይጁቤ መጋዘን ውስጥ ጆንያ ስትመዝን ቆይታ፣ በማታ ትምህርት ዲፕሎማዋን ይዛ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ተዛወረችና ረዳቴ ሆነች። ጭምት ናት፣ ሰው አክባሪ ናት፣ በሰዓቱ ትገባለች። በዚህ ሁሉ ልቀናባት ስችል አልቀናሁም፤ ለረዳት አይቀናም ብዬ። አንድ ቀን ባሕር ዳር ሁለት ሳምንት የሚፈጅ የሥልጠና አዘገጃጀት ትምህርት አለ፣ አንድ ሰው ላኩ ተባለ። አሠልጣኝ የሆንኩ ሰውዬ እንዴት ተመልሼ ሠልጣኝ እሆናለሁ የሚል ኩራት ያዘኝና "ትርንጎ ትሂድ" አልኩ። በዕድሜዬ ከሠራኋቸው ታላላቅ ስሕተቶች ይህ ሦስተኛው ነው። ሁለቱን ባለቤቴ በየአጋጣሚው ስለምታነሣቸው እዚህ መድገም አያስፈልግም።

ትርንጎ ስትመለስ አምስት ደረጃ ይዛ መጣች። ትንተና፣ ንድፍ፣ ዝግጅት፣ ትግበራ፣ ግምገማ። በሰኞ ስብሰባ ላይ ተነሥታ አብራራችው። በመጀመሪያ ሠራተኛው ሥራውን በደንብ እንዳይሠራ የያዘው ነገር ምን እንደሆነ ትመረምራላችሁ። ቀጥላችሁ ሥልጠናው ሲያልቅ ምን መሥራት እንዲችል እንደምትፈልጉ ትወስናላችሁ። ከዚያ ማስተማሪያውን ታዘጋጃላችሁ፣ ከዚያ ታሠለጥናላችሁ፣ በመጨረሻም ሥራ ቦታው ድረስ ሄዳችሁ የተለወጠ ነገር እንዳለ ታያላችሁ። አንዱ ሳያልቅ ወደ ሌላው አይታለፍም። ይኸው ነው። እሷ ይህን ስትናገር ሥራ አስኪያጃችን ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እናንተ እሱን ስለማታውቁት ነገሩ ቀላል መስሏችሁ ይሆናል። ያ ሰው ስብሰባ ላይ ብዕሩን ከእጁ የሚያወጣው ልቡ ሲነካ ብቻ ነው። ለእኔ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አስቀምጦልኝ አያውቅም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መሥሪያ ቤቱ በአምስት ደረጃ መኖር ጀመረ። ሾፌሩ ጎማ ሲተነፍስበት "ትንተናውን ጨርሻለሁ፣ አሁን ንድፍ ላይ ነኝ" ይላል። ሒሳብ ሹሟ ለልጇ ክርስትና ድግስ አምስቱን ደረጃ በወረቀት አስጽፋ ወሰደች። አንጀቴ እያረረ ቤቴ ገብቼ ነገሩን ለባለቤቴ ነገርኳት። "ኧረ ምን ዓይነት ቀልድ ነው?" እንድትልልኝ ነበር።

"መጀመሪያ የጎደለውን ማየት ነው የሚሉት?" አለች ሽንኩርቷን እየላጠች። "ደግ ነገር ነው እኮ። አንተ ሳትለካ የመኝታ ቤቱን በር አሠርተህ አይደል ቁም ሣጥኑ አልገባ ብሎ ሳሎን የቀረው።"

ምሳዬን ትቼ ወጣሁ። ቁም ሣጥኑን ታክኬ ነው የወጣሁት፤ ሌላ መውጫ የለም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ በሆዴ ብቻ እየተቃጠልኩ እኖር ነበር። ግን በመጋቢት ግድም፣ ራሱን የቻለ የሥልጠና ክፍል ይቋቋማል፣ ኃላፊም ይሾምለታል የሚል ወሬ መጣ። የራሱ ቢሮ፣ የራሱ ማኅተም፣ በሩ ላይ የራሱ ጽሑፍ። ይህ ወንበር ለእኔ ተብሎ ሲጠበቅ የኖረ ነበር የሚመስለኝ። ሥራ አስኪያጁ እኔንና ትርንጎን አንድ ላይ አስጠራን።

"ደምበጫና ይጁቤ መጋዘን እህል እየሻገተብን ነው" አለ። "አንተ ደምበጫን ያዝ፣ ትርንጎ ይጁቤን ትያዝ። በአምስቱ ደረጃ እያጠናችሁ አቅርቡልኝ። ጥናታችሁ የሚለውን ነው የምፈጽመው። አሳምሮ ያቀረበ ክፍሉን ይመራል።"

"እሺ" አለች ትርንጎ። እኔም እሺ አልኩ። ስንወጣ በሩን ከፍታ "ጋሼ፣ ይቅደሙ" አለችኝ። ቀደምኩ። መቅደሜ ግን በር ላይ ብቻ እንዳይሆን ፈራሁ።

የመጀመሪያው ችግሬ አምስቱን ደረጃ አለማወቄ ነበር። ትርንጎ በሰኞው ስብሰባ ስታብራራ እኔ የሥራ አስኪያጁን ብዕር ስመለከት ነው የዋልኩት። እሷን መጠየቅ ደግሞ ሞት ነው። ስለዚህ ምሳ ስትወጣ ጠብቄ፣ ከጠረጴዛዋ በላይ ግድግዳው ላይ የለጠፈችውን ወረቀት ቆሜ ገለበጥኩ። የሒሳብ ሹሟ ገብታ አየችኝና "ለማን ድግስ ነው?" አለችኝ።

ደምበጫ የወረድኩት በገበያ ቀን ነው። ከአውቶብሱ ወርጄ በበግና በጋሪ መካከል እየተጋፋሁ መጋዘናችን ደረስኩ። የመጋዘኑ ኃላፊ መሪጌታ ጥሩነህ ይባላሉ። እሑድ ማኅሌት ይቆማሉ፣ ሰኞ ጆንያ ያስቆጥራሉ። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ያደጉ፣ ጽሕፈታቸው ከብራና ላይ የተነሣ የሚመስል ሽማግሌ ናቸው። ከሥራቸው አሥራ ሦስት ሠራተኞች አሉ፤ ሁሉም "የኔታ" ነው የሚሏቸው። እኔም ከለመድኳቸው ወዲህ እንደዚያው ነው የምላቸው።

ሠራተኞቹን ሰብስቤ ቅጽ አደልኩ። ቅጹ ላይ አንድ ጥያቄ አለ፦ በሥራዎ ያለብዎትን የእውቀት ጉድለት ይግለጹ። ከሥሩ ስምና ፊርማ። ጊዜው ሰው ሁሉ በአዲስ መዋቅር የሚነሣበትና የሚመደብበት ጊዜ ነበር፤ ማን ይቀራል፣ ማን ይሄዳል እየተባለ በየመሥሪያ ቤቱ ይወራል። በእንዲያ ያለ ወቅት "ይህን ይህን አላውቅም" ብሎ ፈርሞ የሚሰጥ ሰው ደምበጫ ቀርቶ መላው ጎጃም ውስጥ ቢፈለግ አይገኝም። ይህን የአገሩ ልጅ ሆኜ እንዴት እንዳላሰብኩት አላውቅም። የቅናት ሥራ ነው፣ አሳቤ ሁሉ ይጁቤ ነበር።

"ይህ ወረቀት የት ነው የሚሄደው?" አለኝ አንዱ ወፈር ያለ ሠራተኛ።

"ደብረ ማርቆስ።"

"እዚያ ማን ያነበዋል?"

"ሥራ አስኪያጁ።"

ሰውየው ወረቀቱን በጥንቃቄ አጠፈና ለየኔታ አሳለፈው። የቀሩትም አሳለፉ። የአገሩ ደንብ እንዲህ ነው፤ ወደ በላይ የሚሄድ ቃል ከሆነ ከመካከላቸው የተማረው ለሁሉም ይጽፋል፣ ሌላው ይፈርማል። የኔታ መነጽራቸውን አድርገው፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠው፣ አሥራ አራቱን ቅጽ በዚያ በሚያምር ጽሕፈታቸው ሞሉት። ተቀብዬ አነበብኩ። የመጀመሪያው "በሥራዬ የእውቀት ጉድለት የለብኝም። የጎደለኝ ቆርቆሮ ነው" ይላል። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛውም። አሥራ አራተኛው ላይ ደክሟቸው ኖሮ "ከላይ እንደተባለው" ብለው ትተውታል።

"የኔታ፣ እኔ የጠየቅኋችሁ እኮ ስለ ሥልጠና ነው" አልኳቸው።

"ገብቶኛል፣ ልጄ። ሥልጠናህን እናውቀዋለን፣ አይጧንም ወደናታል። እስቲ ና ወዲህ።"

ወደ መጋዘኑ አስገቡኝና ወደ ላይ አመለከቱኝ። ጣራው እንደ ወንፊት ተበሳስቶ ፀሐዩ በየቀዳዳው ወርዶ ጆንያው ላይ ተዥጎርጉሯል። "አሁን በጋ ነውና የሚገባው ፀሐይ ነው" አሉ የኔታ። "ክረምት ሲሆን ዝናሙ ይገባል። በየዓመቱ ይኸው ነው፤ ከዚህ ወዲያ አንስተን ከዚያ እናስቀምጣለን፣ እዚያም ያፈሳል። እህሉ የሰው ነው፤ አምኖን ነው ያስረከበን።"

ደንቆሮ አይደለሁም። እህሉ የሚሻግተው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜውኑ ገብቶኛል። የመጀመሪያው ደረጃ በአምስት ደቂቃ አልቋል። ግን ጣራው ነው ብዬ ከጻፍኩ ሥልጠና አያስፈልግም ማለት ነው። ሥልጠና ካላስፈለገ የቀሩት አራት ደረጃዎች የሉም። ደረጃዎቹ ከሌሉ ትርንጎ አምስቱንም ደርድራ ስታቀርብ እኔ አንድ ቆርቆሮ ይዤ ልቆም ነው። ስመለስ በአውቶብሱ መስኮት የማየው እሷን ብቻ ነበር፤ በአዲሱ ቢሮ ተቀምጣ፣ በሩ ላይ ስሟ ተጽፎ፣ እኔ አንኳኩቼ ስገባ።

በማግሥቱ ሰው ሁሉ ምሳ ሲወጣ ቢሮዬን ቆልፌ አሥራ አራት አዲስ ቅጽ አወጣሁ። አራት ዓይነት ብዕር አዘጋጀሁ። "እህልን ከእርጥበት ስለመጠበቅ እውቀት ያንሰኛል" ብዬ ጻፍኩ፤ "ስለ ነቀዝ በቂ ግንዛቤ የለኝም" ብዬ ጻፍኩ፤ አይጧንም አልረሳኋት። ከሥሩ በየሰዉ ስም ፈረምኩ፤ ጽሕፈቱ እንዲለያይ ሦስቱን በግራ እጄ ሞላሁ። ሁለቱ ላይ ሻይ አፈሰስኩ፣ የቀሩትን አጣጥፌ ተቀመጥኩባቸው፣ ገጠር የቆዩ እንዲመስሉ። እንዲህ ተግቼ ሠርቼ አላውቅም። በዚህ ባበቃ ጥሩ ነበር። ቅናት ግን ልክ የለውምና በየኔታ ስም በሞላሁት ላይ እንዲህ የሚል ጨመርኩ፦ "ባለፈው የተሰጠን ሥልጠና ከማር የጣፈጠ ነበር። ያው አሠልጣኝ ቢመለስልን ደስታችን ወሰን የለውም።" የየኔታን እውነተኛ ቅጾች ልቀዳድዳቸው አነሣሁና ጽሕፈቱ አሳሳኝ። መሳቢያዬ ውስጥ ከትቼ ቆለፍኩባቸው።

የማቅረቢያው ቀን መጀመሪያ ትርንጎ ተነሣች። በእጇ የያዘችው አንድ ገጽ ወረቀት ብቻ ነው።

"ቅጽ አልበተንኩም" አለች። "ሰው ጉድለቱን በወረቀት አይናገርም። ሦስት ቀን አብሬያቸው ጆንያ ሳነሣ ነው የዋልኩት። ሥራቸውን ያውቁታል፣ ሥልጠና አያሻቸውም። የሚያፈሰው ጣራው ነው። ከወለሉም ላይ እንጨት መነጠፍ አለበት።"

"የቀሩት አራት ደረጃዎችስ?" አለ ሥራ አስኪያጁ።

"የሉም። ችግሩ የእውቀት ካልሆነ ሥልጠና አይቀረጽም፤ ደረጃው ራሱ ነው እንዲህ የሚለው።"

ሥራ አስኪያጁ ቅር አለው፤ አምስት ሲጠብቅ አንድ ነው ያገኘው። ብዕሩን አነሣ። እኔ ውስጤ በደስታ ዘለለ፤ እንዲህ ያለ ደስታ ለሰርጌም አልተሰማኝም። ተነሥቼ አምስቱን ደረጃ በአምስት ቀለም ዘረጋሁት። ቅጾቹን አሳየሁ፣ ሻይ የፈሰሰባቸውን ከላይ አድርጌ። ንድፉን፣ ዝግጅቱን፣ ግምገማ የሚካሄድበትን ወር ሁሉ አሳየሁ። ሥራ አስኪያጁ ብዕሩን አስቀመጠ። "ጎሽ" አለ።

ጥናታችሁ የሚለውን እፈጽማለሁ ብሎ ነበርና ፈጸመ። ለይጁቤ ጣራ ተፈቀደ። ለደምበጫ ሥልጠና ተፈቀደ። ለእኔ ቢሮው ተፈቀደ። ትርንጎ ሁለት እጇን ዘርግታ መጣችና "ጋሼ፣ እንኳን ደስ ያለዎት" አለችኝ። ፊቷ ላይ ቅሬታ ፈለግሁ፤ ጥቂት እንኳ ቅናት ባገኝባት እንዴት ባረፍኩ። ምንም የለም። አሸንፌያት እንኳ እንዴት እንዲህ አትቀናም ብዬ ቀናሁባት።

ሥልጠናው ሰኔ ላይ ዋለ። ቦታው ሌላ አዳራሽ ስላልነበረ እዚያው መጋዘኑ ውስጥ ሆነ። ሰማዩ ከጠዋቱ ጀምሮ ጠቁሯል። ትርንጎ ረዳቴ ናትና አብራኝ መጣች። ኃላፊ በመሆኔ መክፈቻውን ለእሷ ሰጠኋት፤ እኔ ቁጭ ብዬ ስሜ ሲጠራ መነሣት ነው የፈለግሁት። እሷም ተነሥታ ማኅደሬን ከፈተች።

"ከመጀመራችን በፊት" አለች፣ "እናንተ ራሳችሁ ይጎድለናል ያላችሁትን አነብላችኋለሁ። ልክ ካልሆነ ታርሙናላችሁ።"

"ትርንጎ፣ ይቅር፣ ሰዓት የለንም" አልኩ።

"አምስት ደቂቃ ናት፣ ጋሼ። ደረጃው ያዛል።"

ማንበብ ጀመረች። "ስለ ነቀዝ በቂ ግንዛቤ የለኝም" ስትል የሰውየውን ስም ጠራች። ወፈር ያለው ሠራተኛ ነው። ሰውየው የራሱን ስም ሲሰማ ወደ ጎኑ ዞሮ ሌላ ሰው እንዳለ አየ። ሌላውን አነበበች፣ ሌላውንም። እኔ ጫማዬን ነው የማየው። አራተኛው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ትንሽ ዝግ አለ፤ ግን አላቆመችም። ከዚያ የየኔታን አነበበች። "ባለፈው የተሰጠን ሥልጠና ከማር የጣፈጠ ነበር። ያው አሠልጣኝ ቢመለስልን ደስታችን ወሰን የለውም። መሪጌታ ጥሩነህ።"

አሥራ ሦስቱም ዞረው የኔታን አዩ። የኔታ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ወረቀቱን አዩ፣ ቀጥሎ እኔን አዩኝ፣ ረጅም ጊዜ አዩኝ።

"አዎ" አሉ። "ብያለሁ።"

"ማሩንም፣ የኔታ?" አለ ወፈር ያለው።

"ማሩንም" አሉ የኔታ።

ከዚያ በኋላ ምን ይደረጋል? የኔታ ካሉ እኛም ብለናል እያሉ፣ አሥራ ሦስቱም በየተራ ያላሉትን ማለታቸውን መሰከሩ። አንዱማ "ከዚህም አብልጬ ብያለሁ" አለ። እንግዳ የሆነን ሰው በሰው ፊት አያዋርዱም፤ እንግዳው ራሱን ለማዋረድ የቻለውን ሁሉ አድርጎ እንኳ አይለቁትም። እኔ ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

የወረደው ግን ዝናም ነው። "እርጥበት የእህል ቀንደኛ ጠላት ነው" የሚለውን ገጽ እንደዘረጋሁ አንድ ጠብታ "እርጥበት" በሚለው ቃል ላይ አረፈች። ሁለተኛዋ ግንባሬ ላይ። ፍሊፕ ቻርቱን ወደ ግራ አዛወርኩ፣ እዚያም ያፈሳል። ወደ ቀኝ አዛወርኩ፣ እዚያ ይብሳል። ሠልጣኞቹ አንድ አንድ እያሉ ተነሥተው ጆንያ ማንሣት ጀመሩ። "እርስዎ ይቀጥሉ፣ እየሰማን ነው" ይሉኛል ጆንያ ትከሻቸው ላይ እንዳለ። ትርንጎም ጫማዋን አውልቃ ተነሣችና ከወፈር ያለው ሠራተኛ ጋር ጆንያውን ለሁለት ተያይዘው ማንሣት ያዙ። በመጨረሻ የቀረን እኔና የኔታ ነን። እሳቸው የቤተ ክርስቲያን ጥላቸውን ዘርግተው ከእኔ ራስ በላይ ይዘውልኝ ቆመዋል፤ እኔ እህልን ከእርጥበት ስለመጠበቅ ለእሳቸው ብቻ አስተምራለሁ። ቀለሙ እየሟሟ አይጧ ከነጅራቷ ወደ ታች ፈሰሰች።

ዝናሙ ሲያባራ የኔታ ወደ ጓሮ ወሰዱኝ።

"ስሜን ሳታስፈቅደኝ ወስደሃል" አሉኝ። "እሱስ ግድ የለም። ያኔ የጻፍኩልህ ግን የት ደረሰ?"

"መሳቢያዬ ውስጥ ነው፣ የኔታ።"

"ዝናም ያገኘዋል?"

"አያገኘውም።"

"እህሉን ግን ያገኘዋል" አሉ።

በማግሥቱ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባሁ። በኃላፊነቴ ለደምበጫ መጋዘን ቆርቆሮ እንዲፈቀድ እጠይቃለሁ አልኩ፤ ኃላፊነት ካለ በዘዴ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። እሱ ጥናቴን ከመደርደሪያ አወጣ። በሚያምር ሽፋን ያስጠረዝኩት ጥናት ነው።

"እዚህ ላይ ጣራ የሚል ቃል የለም" አለኝ። "አሥራ አራት ሠራተኛ እውቀት ይጎድለኛል ብሎ ፈርሟል። የይጁቤ ሰዎች ጣራ አሉ፣ ጣራ ተሰጣቸው። ያንተ ሰዎች ሥልጠና አሉ፣ ሥልጠና ተሰጣቸው። ጥናትህን ትተህ በስሜት አትሥራ እንጂ።"

ወጥቼ ቢሮዬ ተቀመጥኩ። በሩ ላይ ስሜ ከውጭ ተጽፏል፤ ከውስጥ አይታይም። ሁለት ቀን ተቀመጥኩ። ሁለቱንም ቀን ዘነበ። ወንበሩ ምቹ ነበር፤ ውሸት መናገር አልፈልግም፣ በጣም ምቹ ነበር። በሦስተኛው ቀን መሳቢያዬን ከፍቼ የየኔታን ቅጾች አወጣሁና ተነሣሁ። ትርንጎ ከጠረጴዛዋ ቀና ብላ ወረቀቶቹን አየቻቸው።

"አውቀሽ ነበር?" አልኳት።

"አራተኛውን ሳነብ ነው የገባኝ። የየኔታን ጽሕፈት ደግሞ ከይጁቤ ጀምሮ አውቀዋለሁ።"

"ታዲያ ለሥራ አስኪያጁ ለምን አልነገርሽውም?"

"እርስዎ ይነግሩታል ብዬ ነው፣ ጋሼ።"

እንዲህ የምታምነኝ ሆና ሳለ እኔ እሷን ለመጣል አራት ብዕር ጨርሻለሁ። አለቀስኩ ብል ደስ ይላችሁ ነበር፤ ግን ተናደድኩ። ይህንን ልብ ከየት ነው ያመጣችው? ባሕር ዳር በሁለት ሳምንት የሚሰጥ ከሆነ ምነው እኔ በሄድኩ።

ሥራ አስኪያጁ ሁለቱን ክምር ጎን ለጎን አድርጎ እያገላበጠ አየ።

"ሁሉንም አንተ ነህ የጻፍካቸው?"

"አዎ።"

"ይህን ጠማማውንም?"

"እሱ በግራ እጄ ነው። በግራ የጻፍኩት ሦስቱን ብቻ ነው።"

ብዕሩን አነሣ። ማስጠንቀቂያ ጻፈልኝ፣ ቢሮውንና ማኅተሙን ለትርንጎ አዛወረ፣ ለደምበጫም ቆርቆሮ ፈቀደ። ሦስቱንም በአንድ ትንፋሽ ነው የፈረማቸው። ከእኔ የበለጠ ያፈረ ይመስል ነበር፤ "ጎሽ" ብሎኝ ነበርና።

ቆርቆሮው ተመትቶ ያለቀው ሐምሌ ላይ ነው። ርክክቡን ለማየት ትርንጎ በኃላፊነት፣ እኔ በረዳትነት ደምበጫ ወረድን። መጋዘኑ ውስጥ ስንገባ ዝናም ጀመረ፤ አንድም ጠብታ አልገባም። ሠራተኞቹ ተሰብስበው ቆመዋል፣ የኔታ በመካከል ናቸው። ቆርቆሮው መፈቀዱን የሚገልጸው ደብዳቤ የወጣው በትርንጎ ፊርማ ስለሆነ ሁሉም የሚያዩት እሷን ነው። እሷ ወደ እኔ ዞር አለች፣ አፏንም ከፈት አደረገች። ይኸው ልትናገርልኝ ነው ብዬ ደረቴን ነፋሁ። መልሳ ዘጋችው። ትንሽ ቆይቶ ነው የገባኝ። ቆርቆሮውን እንዴት እንዳስገኘሁ ብትናገር፣ እነዚያን ቅጾች እንዴት እንደጻፍኳቸውም መናገር ሊኖርባት ነው። ለእኔ ብላ ነው ዝም ያለችው። በዝምታዋም ቀናሁባት።

የኔታ ጥላቸውን ተደግፈው መመረቅ ጀመሩ። እኛም ቆብ ያለው ቆቡን አወለቀ።

"ልጄ ትርንጎ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን።"

"አሜን" አለ ሰው ሁሉ።

"የገበሬውን እህል እንደከደንሽልን፣ ገመናሽን ይክደንልሽ።"

"አሜን።"

"የያዝሽው ይባረክ፤ ከፍ ከፍ በይ።"

"አሜን" አለ ሰው ሁሉ። እኔ ከንፈሬን ብቻ ነበር የማንቀሳቅሰው። ከፍ ከፍ በይ በሚለው ላይማ እሱንም ትቼዋለሁ።

የኔታ ምርቃቱን አቁመው ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄ፣ አልሰማሁህም" አሉ። "ዝናሙ ቆርቆሮው ላይ እየጮኸ ነው።"

"አሜን" አልኩ።

"ከፍ ከፍ በይ" አሉ ደግመው፣ ዓይናቸውን ከእኔ ሳያነሡ።

"አሜን።"

ጆሯቸውን በእጃቸው ደገፍ አደረጉ። አሥራ ሦስቱ ሠራተኞች ይጠብቁኛል፤ ትርንጎ መሬት መሬት ታያለች። ዝናሙ እውነትም ከላይ ያስገመግማል። ያለኝን ሳንባ ሁሉ ሰብስቤ "አሜን!" ብዬ ጮኽኩ። መጋዘኑ አስተጋባው። የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁና ወደሚቀጥለው ምርቃት አለፉ። ከልቤ ይሁን አይሁን እስካሁን አላረጋገጥኩም፤ ያን ቀን ከተባለው አሜን ሁሉ ግን ጎልቶ የተሰማው የእኔ ነው፣ በዚህ ማንም አልበለጠኝም።